የሙከራ ጊዜ በደመወዝ ነው

በዚህ አገር ሠራተኛን ቀጥሮ የመሞከር መብት ለአሠሪ በሕግ ተሰጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 11ን ገልጦ ማየት ነው። አንድ ቀጣሪ አዲስ የመጣው ሰው ለቦታው ብቁ መሆን አለመሆኑን ለማየት እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መዋዋል ይችላል። የቀድሞው አዋጅ 377/1996 የሚፈቅደው 45 ተከታታይ ቀን ብቻ ነበር። አዲሱ ሕግ ለቀጣሪ ጨመረለት እንጂ አልቀነሰበትም። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ቢሮ 60 የሥራ ቀን ማለት ድፍን 12 ሳምንት ነው። ሰውየው ካልሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያ፣ ያለ ካሣ «በል ደህና ሁን» ማለት ይቻላል። የማይቻለው ነገር አንድ ነው፤ በነፃ ማሠራት። በሙከራ ላይ ያለ ሰው ሠራተኛ ነው፤ ለሠራበት ደመወዙን ያገኛል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ይህን ያህል ሰፊ የመሞከሪያ ሜዳ በሕግ የተሰጣቸው የሶፍትዌር ኩባንያዎቻችን፣ ከሙከራው በፊት ሌላ ሙከራ፣ ያውም የማይከፈልበት፣ አምስትና ስድስት ዙር ያለው፣ ለምን ፈጠሩ? መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ስለሚቻል ነው። ከልካይ ስለሌለ ነው። የሙከራ ጊዜው ወጪ ከአሠሪው ኪስ ይወጣል፤ የቃለ መጠይቁ ወጪ ግን ከሥራ ፈላጊው ኪስ ይወጣል። ልዩነቱ ይኼው ብቻ ነው። «ጥራት» ምናምን የሚባለው ከዚህ በኋላ የመጣ ማሳመሪያ ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። በሶፍትዌር ምህንድስና ጉብሬ ካለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄያለሁ፤ ኮድ በመጻፍ ነው የምተዳደረው። የቆሼ ልጅ ነኝ። ቆሼ ስል የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር አይምሰላችሁ፤ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ያለችው፣ የማረቆዋ፣ የበርበሬዋ ቆሼ ናት። የእኔ ትውልድ ደግሞ ፈተና ፈርቶ አያውቅም። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ ሲሰረዝ ክረምቱን ጠብቀን እንደገና ተቀምጠናል። ከእኛ በኋላ የመጡት ከዚህ የባሰ አይተዋል። በ2014 12ኛ ክፍልን ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ያንን ተሻግሮ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። ስለዚህ «ልጆቹ መፈተን አይወዱም» እንዳትሉኝ። ሕይወታችን ፈተና ነው። የምንጠይቀው ፈተናው የት ጋ እንደሚያልቅ ነው።

አሁን አንድ ኩባንያ ያደረገኝን ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ቤት ነገር አይደለም፤ ኮድ የሚጽፍ ጓደኛ ያለው ሁሉ ሌላ ስም አስገብቶ ያንኑ ታሪክ መስማት ይችላል።

መጀመሪያ ከሰው ኃይል ክፍል ተደወለ፤ ግማሽ ሰዓት። ቀጥሎ በኢንተርኔት የሚሰጥ የ90 ደቂቃ የአልጎሪዝም ፈተና መጣ፤ ካሜራ ተከፍቶ። ሦስተኛው «ቤት ወስደህ ሥራ» የሚባለው ነው። የመጋዘን ዕቃ የሚቆጣጠር ሲስተም፣ ከነክፍያው፣ ከነሪፖርቱ፣ ከነተጠቃሚ ፈቃዱ፣ በሰባት ቀን ውስጥ። መመሪያው «ከአራት ሰዓት በላይ አይወስድም» ይላል። ሰዓቴን መዝግቤ ነበር፤ 31 ሰዓት ፈጀ። አራተኛው ሁለት ሰዎች በስክሪን ሼር እያዩኝ ለሁለት ሰዓት ኮድ መጻፍ ነበር። አምስተኛው ከቴክኒክ ኃላፊው ጋር ስለ ሲስተም ዲዛይን፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ጥያቄው በቀን መቶ ሚሊዮን ሰው የሚጠቀምበት መተግበሪያ እንዴት ይገነባል የሚል ነበር። ኩባንያው የነበሩት ደንበኞች አሥራ አምስት ናቸው፤ ራሱ ኃላፊው ነው የነገረኝ። ስድስተኛው በአካል፣ ቦሌ፣ ለአንድ ሰዓት፤ «ከባህላችን ጋር መስማማትህን ለማየት»። ከቆሼ ሌሊት ተነስቼ በቡታጅራ አድርጌ ሄድኩ።

«ከየት ነህ?»

«ከቆሼ።»

«ቆሻሻው ጋ?» ተሳሳቁ።

በዚያ ክምር ናዳ በመጋቢት 2009 ከመቶ በላይ ሰው ሞቷል። የእኔም ከተማ ባትሆን የሚያስቅ ስም አልነበረም። የተፈተነው የማን ባህል እንደሆነ እናንተ ፍረዱ።

ሲደመር 37 ሰዓት ተኩል፤ መንገዱን ሳንቆጥር። የአንድ ሳምንት ሥራ በሉት። ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። ኢሜል ጻፍኩ፤ ዝም። ደወልኩ፤ «እናሳውቅሃለን»። ምክንያቱ ቀርቶ «አልተመረጥክም» የሚል አንድ መስመር እስከ ዛሬ አልደረሰኝም።

በሦስተኛው ዙር ሳምንት አባቴ ሌሊት መብራት አይቶ ወደ ክፍሌ ገባ።

«ሥራ ጀመርክ እንዴ ልጄ?»

«አይ አባዬ፣ ፈተና ነው።»

«ይከፍሉሃል?»

«ፈተና ነው እኮ አባዬ።»

ማያ ገጹን ትንሽ አየት አደረገና «ፈተና ትለዋለህ እንጂ የሚመስለውስ ሥራ ነው» ብሎ ወጣ።

አባቴ ዕድሜውን በርበሬ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ናሙና ምን እንደሆነ ያውቃል። በርበሬ ገበያ ላይ ገዢ የማየት መብት አለው። አንድ ዛላ ይመዛል፤ ይሰብራል፤ ያሸታል፤ ፍሬውን ያያል። ከታች ያለው ከላይኛው ጋር አንድ መሆኑን ለማረጋገጥ እጁን ወደ ኩንታሉ ሰድዶ ሌላ ዛላ ያወጣል። ሻጩ አይቆጣም፤ እንዲያውም የኮራበት ዕቃ ከሆነ ራሱ ሰብሮ ያሳያል። ነገር ግን «ሩብ ኩንታሉን ልውሰድና ሰባት ቀን ወጥ ሠርቼበት ልየው፤ ከወደድኩት እመለሳለሁ» የሚል ገዢ ቢመጣ ገበያው ይስቅበታል። ክርክሬ ኩባንያው ኮዴን ተጠቅሞበታል የሚል አይደለም። ወደ ቅርጫት ጥሎትም ቢሆን እኔ ሳምንቴን ከፍያለሁ። ወጥ ሠርቶ የደፋውም ገዢ በርበሬውን ወስዷል።

«ግን ጎበዙን ከሰነፉ እንዴት እንለይ?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እስቲ ይኼ ሁሉ ዙር የሚለየው ምን እንደሆነ እንይ።

በ2020 እ.ኤ.አ. የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። 48 የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው የኮድ ጥያቄ ሰጧቸው። አንዱ ቡድን ነጭ ሰሌዳ ላይ፣ ጠያቂ ቆሞ እያየ፣ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እየተናገሩ ሠሩ። ሌላው ቡድን ብቻውን በተዘጋ ክፍል ሠራ። እየታዩ የሠሩት ውጤት ብቻቸውን ከሠሩት ጋር ሲተያይ ከግማሽ በላይ ወረደ። ሴቶቹ ቁጥራቸው ትንሽ ነበር፤ ቢሆንም እየታዩ ከሠሩት አንዷም አላለፈችም፤ ብቻቸውን የሠሩት ግን ሁሉም አለፉ። ጥያቄው ሳይከብድ፣ ሰው ቆሞ ስላየ ብቻ ጎበዙ ሰነፍ ሆነ ማለት ነው። ያ ፈተና የለካው ኮድ መቻልን አልነበረም፤ እየታዩ አለመደንገጥን ነው።

በእኛ ልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል። «እያሰብክ ተናገር» ይሉሃል። ኧረ እኛ ያደግነው «አስበህ ተናገር» እየተባልን ነው! በተለይ የገጠርና የትንሽ ከተማ ልጅ፣ የማያውቀው ትልቅ ሰው ፊት ሐሳቡን ሳያበስል አፉን እንዳይከፍት ተቀጥቶ ነው ያደገው። ዝም ሲል «መግባባት አይችልም» ብለው ይጽፉበታል። ዝም ያለው እያሰበ ስለሆነ ነው። በነገራችን ላይ ሥራው ራሱ አብዛኛው ዝም ብሎ ማሰብ ነው።

ይህ የቃለ መጠይቅ ሥርዓት የተቀዳው ከሲሊከን ቫሊ ነው። ቀጂዎቹ ግን የባለቤቶቹን ሐሳብ አልጨረሱም። የጉግል የሰው ኃይል ኃላፊ የነበረው ላዝሎ ቦክ በ2013 እ.ኤ.አ. ለኒው ዮርክ ታይምስ እንደተናገረው፣ «አውሮፕላን ውስጥ ስንት የጎልፍ ኳስ ይገባል» ዓይነት እንቆቅልሾች ማን ሥራ እንደሚችል አይተነብዩም፤ በዋናነት ጠያቂው ራሱን ብልህ አድርጎ እንዲያይ ነው የሚያገለግሉት። ያው ሰው በኋላ በመጽሐፉ እንደጻፈው፣ ጉግል የራሱን መዝገብ ሲመረምር አራት ቃለ መጠይቅ በቂ ሆኖ አገኘው፤ ከአራት በላይ የሚጨመረው የሚጨምረው ዕውቀት ኢምንት ነው። እንግዲህ በዓመት ሚሊዮን የሚቆጠር ማመልከቻ የሚቀበለው ጉግል አራት ይበቃኛል ሲል፣ አሥራ አምስት ደንበኛ ያለው የእኛ ኩባንያ ስድስት ያደርጋል። ጉግል በር ላይ የሚለፋ ሰው በሩ ሲከፈት የሚያገኘውን ያውቃል። የእኛዎቹ በሩን ቀዱ፤ ቤቱን አልቀዱም።

ይህ ፈተና ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ለመሆኑ ማስረጃው እዚሁ አገራችን ውስጥ አለ። አፍሪካ ቱ ሲሊከን ቫሊ የሚባለው ድርጅት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአዲስ አበባና ከአዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ጎበዝ ተማሪዎችን መርጦ ለታላላቆቹ ኩባንያዎች ቃለ መጠይቅ ያዘጋጃል። ጉግል የገቡ ልጆች አሉት፤ ይገባቸዋል፤ እኮራባቸዋለሁ። ነገር ግን ልብ በሉ። አገሪቱ ካሏት ተማሪዎች ጫፍ ላይ ያሉት፣ ምህንድስናውን የተማሩት፣ ለቃለ መጠይቁ ሲሉ ለብቻው ወራት የፈጀ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል። ሥልጠናው ባልደረሰበት ግቢ ያለው ልጅስ? ኮዱን እየቻለ ፈተናውን የማይችለው ልጅ ስንት ነው?

ወጪውን ማን እንደሚከፍል ደግሞ እንይ። በዚያ የ90 ደቂቃ ፈተና 40ኛው ደቂቃ ላይ ቆሼ መብራት ጠፋ። ላፕቶፔ ባትሪ ነበረው፤ ኔትወርኩ ግን ከመብራቱ ጋር አብሮ ሄደ። በስልኬ ዳታ ተመልሼ ስገባ ሲስተሙ «ከፈተናው ገጽ ወጥተሃል» ብሎ በቀይ መዝግቦ ጠበቀኝ። ማለፌን አለፍኩ፤ በአምስተኛው ዙር ግን ያችን ቀይ መስመር አንስተው ጠየቁኝ። መብራት መጥፋቱን ማስረዳት ነበረብኝ፤ አዲስ አበባ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ! ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ግድም ሲዘጋ፣ ከውጭ ኩባንያ ጋር ቀጠሮ የነበራቸው ልጆች «ተዘግቶብን ነው» ብለው የሚጽፉበት መስመር እንኳ አልነበራቸውም። ዙሩ በበዛ ቁጥር አንዱ ዙር ላይ መብራት፣ ኔትወርክ ወይም መንገድ የመጥፋት ዕድሉ ይጨምራል። ስድስት ዙር ማለት ስድስት ጊዜ ዕጣ ማውጣት ነው፤ ቦሌ ጄኔሬተር ያለው ቤት የሚኖረው ልጅና እኔ ደግሞ አንድ ዓይነት ዕጣ አይደለም የምናወጣው።

አሁን ከእኔ በተቃራኒ የሚቆመውን፣ እኔም የማከብረውን ክርክር ላንሳ። እንዲህ ይላል፦ «ፈተናውን ካነሳችሁ የሚመለሰው ዘመድ ነው።» እውነት ነው። በዚህ አገር የሥራ ቃለ መጠይቅ ለዘመናት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ «የማን ልጅ ነህ?» እኔ ባደግሁበት አካባቢ ይኼ ነውር አልነበረም። የአገር ልጅ የአገሩን ልጅ መርካቶ አስገብቶ፣ አስተምሮ፣ ሱቅ አስከፍቶ ሰው አድርጓል፤ ብዙ ቤት የቆመው በዚያ ነው። ዘመድ የሌለው ግን ውጭ ቀርቷል። ቴክኖሎጂ ውስጥ ዘመድ የለኝም። ያ ቀዝቃዛ የኮምፒዩተር ፈተና አባቴ ማን እንደሆነ ሳይጠይቀኝ ያስገባኝ ጊዜ አለ። ስለዚህ ፈተና ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። ፈተና ለእንደኔ ዓይነቱ መሰላል ነው።

ግን የበዛው ዙር ዘመድን ያስቀራል ያለው ማነው? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ላይ ቁጥር አለ፤ ውጤት አለ፤ መከራከር ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያሉት «ስሜታችን»፣ «ባህላችን»፣ «ይመጥነናል» የሚባሉት ናቸው። ቁጥር የሌለበት ቦታ ላይ ደግሞ ማን እንደሚገባ እናውቃለን። የኃላፊውን ትምህርት ቤት የተማረ፣ እንግሊዝኛውን በእሱ ዓይነት የሚናገር፣ ቆሼ ሲባል የማያስቀው። «የማን ልጅ ነህ?» በፊት በር ተባርሮ በስድስተኛው ዙር በጓሮ ገብቷል።

ሌላው ክርክር አዲስ ነው፤ «ዛሬ ቻትጂፒቲ ኮዱን ይጽፍለታል፤ ካልጠበቅን እንዴት እናምናለን?» ይኸው ራሳችሁ ተናገራችሁት። ቤት የሚወሰደው ሥራ ከእንግዲህ ምንም አይለካም፤ ታዲያ የልጁን ሳምንት ለምን ትወስዳላችሁ? ካሜራ ጨምሮ ሰውን እንደ ሌባ ከመጠበቅ ይልቅ አብሮ መቀመጥ ይሻላል። ማሽን ኮድ ሊጽፍ ይችላል፤ «ይኼን መስመር ለምን እንዲህ አደረግኸው? ደንበኛው ሁለት ጊዜ ቢከፍል ምን ይሆናል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ከልጁ ነው የሚወጣው። ለዚያ አንድ ሰዓት ይበቃል።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ዛሬ በምሠራበት ቦታ እኔም ከጠያቂዎቹ ወንበር እቀመጣለሁ። የምናደርገው ይሄ ነው። መጀመሪያ አመልካቹ ራሱ የጻፈውን ኮድ ይዞ ይመጣል፤ አንድ ሰዓት ስለ እሱ እናወራለን። ከዚያ ግማሽ ቀን አብሮን ይሠራል፤ ለዚያች ግማሽ ቀን ይከፈለዋል። በሳምንት ውስጥ አዎ ወይም አይ እንለዋለን፤ አይ ካልን ምክንያቱን በሁለት መስመር እንጽፋለን። ከተስማማን ውሉ ይፈረማል፤ የሙከራ ጊዜው ይጀምራል። ሁልጊዜ ያምራል አልልም። አንዱን ልጅ በሙከራው ሁለተኛ ወር ላይ ማሰናበት ነበረብን፤ ለእሱም ለእኛም ከባድ ቀን ነበር። ግን ደመወዙን ይዞ፣ የጎደለውን አውቆ ሄደ። እኛም የሞከርንበትን ዋጋ ከፈልን። ሙከራ ማለት ይኼው ነው።

ነገሩ የሚከፋው ወደፊት ነው። በሐምሌ 2016 መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን ዕቅድ ይፋ አድርጓል። መማሩ ጥሩ፤ ማን ይጠላል? ነገር ግን ሠልጣኙ በሚሊዮን ሲቆጠር የሥራው በር አብሮ ካልሰፋ የሚረዝመው ወረፋው ነው። ወረፋው በረዘመ ቁጥር ቀጣሪው «ሰባተኛ ዙር» ለማለት ድፍረት ያገኛል፤ እምቢ ላለው ልጅ ምትክ ከኋላው ቆሟላ። ልማዱ ሳይደነድን አሁን ነው መናገር ያለብን።

ለኩባንያዎቹ የምለው አጭር ነው። ሁለት ዙር ይበቃችኋል፤ ለሦስተኛው ምክንያት ካላችሁ በማስታወቂያው ላይ ጻፉት። ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሥራ ከሰጣችሁ ክፈሉ። ደመወዙን ከመጀመሪያው ቀን ንገሩ፤ ስድስት ዙር ካለፈ በኋላ «ስንት ትፈልጋለህ?» ማለት ነውር ነው። አይ የምትሉትን ሰው አይ በሉት። የቀረውን ጥርጣሬያችሁን ወደ አንቀጽ 11 ውሰዱት፤ እዚያ 60 የሥራ ቀን ይጠብቃችኋል።

ሥራ ፈላጊ ለሆናችሁ እህት ወንድሞቼ ደግሞ፤ ስልኩ ሲደወል ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንት ዙር ነው? የሚከፈልበት ነው? መልሱን መቼ እሰማለሁ? የቸገረው ሰው እምቢ ማለት እንደሚከብደው አውቃለሁ፤ እኔም 31 ሰዓቱን የሠራሁት ስለቸገረኝ ነው። ስለዚህ እምቢ በሉ አልላችሁም። ጠይቁ ብቻ። አንድ ልጅ ሲጠይቅ «ይኼኛው አስቸጋሪ ነው» ብለው ይዘሉታል። መቶው ሲጠይቅ ግን መልስ ማዘጋጀት ግድ ይሆንባቸዋል።